ዘበኛውን ቀንሶ ሌባውን መርገም

በአገራችን ከብዙው ጥፋት ይልቅ አደራ መብላት ሲያስነቅፍ ኖሯል። የሰረቀ ሰው «ቸግሮት ነው» ይባልለታል፤ የተማታ ሰው «ተናዶ ነው» ይባልለታል፤ አደራ የበላ ሰው ግን የሚያመካኝበት ነገር የለውም። ምክንያቱም ሌባ የሚወስደው ባለቤቱ ራሱ ይጠብቀው የነበረውን ነው፤ አደራ በሊታ ግን የሚያጠፋው ባለቤቱ በእርሱ ተማምኖ መጠበቁን የተወውን ነው። ስለዚህ ሌባ ንብረትን ብቻ ሲጎዳ፥ አደራ በሊታ ንብረትንም መተማመንንም አብሮ ያጠፋል። ንብረት ሠርተው ይተኩታል፤ መተማመን ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ በኋላ ለመገንባት የአንድ ትውልድ ዕድሜ አይበቃውም።

አደራ ሁለት ዓይነት መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስተውልም። አንደኛው በፈቃድ የሚሰጥ አደራ ነው። መንገድ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ለጎረቤቱ ያስቀምጣል፤ ጎረቤቱን ከተጠራጠረው ለወንድሙ ይሰጣል፤ ወንድሙንም ካላመነው በወገቡ ታጥቆት ይሄዳል። ሁለተኛው ግን ሕግ አስገድዶ የሚቀበለው አደራ ነው። ግብር ከፋይ «ስምህን፥ አድራሻህን፥ ገቢህን፥ የቤተሰብህን ቁጥር አስመዝግብ» ሲባል፥ «ይህን መሥሪያ ቤት አላምነውምና ወደ ሌላ ልሂድ» ሊል አይችልም። ሌላ የለምና። ዝም ቢል ይቀጣል፤ ቢዋሽ ይታሰራል። እንግዲህ በፈቃድ የተሰጠ አደራ ይህን ያህል ከከበደ፥ በግድ የተወሰደው ምን ያህል ሊከብድ እንደሚገባው እያንዳንዱ ሰው በልቡ ይመዝነው።

የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ኃጢአት ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን ልጁ ወድዶ የነገረውን ብቻ ነው። ሐኪም የበሽተኛውን ገላ ያውቃል፤ ደመወዙን ግን አያውቅም። የዛሬ ዘመን ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ግን የሰውን የልደት ቀን፥ የሚኖርበትን ቤት፥ የሚሠራበትን ቦታ፥ የሚያገኘውን ገንዘብ፥ ያለበትን ዕዳ፥ የልጆቹን ስምና የባንክ ሒሳቡን ቁጥር አንድ ላይ ሰብስቦ ይይዛል። ይህ ሁሉ በአንድ እጅ ሲገኝ፥ ያን ሰው መስሎ ገንዘቡን ለማውጣት፥ በስሙ ለመበደርና የልጆቹን መዋያ ለማወቅ የሚያስችል ቁልፍ ነው። ከዚህም በላይ እንደ ቀድሞው ዘመን ወፍራም መዝገብ ሆኖ ግምጃ ቤት የሚያጣብብ አይደለም። የሚሊዮን ሰው ምስጢር በደረት ኪስ ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም እንዲህ የከበደ አደራ በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው መዝገቡን በእጁ ይዞ የተገኘው ትንሽ ሠራተኛ ሳይሆን፥ ስንት ጠባቂ እንዲኖርና ጠባቂው ምን እንዲሠራ በፊርማው የወሰነው የበላይ ሹም ነው የሚል ነው። ለዚህም ከሁለት ሀብታም አገሮች የተፈጸሙ ሁለት ነገሮችን እጠቅሳለሁ። ከድሃ አገር ያልጠቀስሁበት ምክንያት «ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው» የሚለው ማመካኛ ከመጀመሪያው እንዲቀር ነው። ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው በእንግሊዝ አገር የሆነ ነው። በዚያ አገር መንግሥት ልጅ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች በየጊዜው የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ ገንዘቡንም የሚያድለው ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። በ2007 ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያ መዝገብ ተጽፎ ነበር። በዚያ ዓመት በማርች ወር የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ለምርመራው የሚሆን ዝርዝር ጠየቀ። ሲጠይቅም አድራሻውና የባንኩ ቁጥር ለእርሱ ስለማያስፈልገው ከዝርዝሩ እንዲወጣ አሳስቦ ነበር። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ያገኘው መልስ ግን መዝገቡን ማበጠር ተጨማሪ ወጪ ሊያመጣ ስለሚችል ያለውን እንዳለ ቢጠቀሙበት ይሻላል የሚል ነበር። እነሆ የጥፋቱ ዘር የተዘራው በዚህች መልስ ነው። ጥቂት ፓውንድ ለማዳን ሲባል መውጣት ያልነበረበት ምስጢር ሁሉ እንዲወጣ ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ኦክቶበር 18 ቀን 2007፥ ከአሜሪካው ዋና ከተማ ጋር ሞክሼ ከሆነችው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ከምትገኘው የዋሽንግተን ከተማ፥ አንድ አነስተኛ ሠራተኛ መዝገቡን በሁለት ዲስኮች ገልብጦ ወደ ሎንዶን ላከ። ዲስኮቹ በይለፍ ቃል ብቻ የተዘጉ ነበሩ እንጂ ያለ ቁልፍ ሊነበብ ወደማይችል የምስጢር ጽሕፈት አልተለወጡም ነበር። የተላኩትም ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከብበት ሬኮማንዴ ሳይሆን በተራ የውስጥ ፖስታ ነው። አልደረሱም። ሎንዶን ያሉት «አላገኘንም» ባሉ ጊዜ ሌላ ግልባጭ ተሠርቶ በሬኮማንዴ ተላከና ደረሰ። እኛ ሬኮማንዴውን «የአደራ ደብዳቤ» ማለታችን ምንኛ ትክክል ነው! የመጀመሪያው ያለ አደራ ተልኮ ጠፋ፤ ሁለተኛው በአደራ ተልኮ ደረሰ።

በጠፉት ዲስኮች ላይ የ25 ሚሊዮን ሰዎች ዝርዝር ነበረ፤ ይህም 7.25 ሚሊዮን ቤተሰብ ማለት ነው። የወላጆች ስምና አድራሻ፥ የልጆች ስምና የልደት ቀን፥ የብሔራዊ መድን ቁጥር፥ ከብዙዎቹም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሳይቀር ተጽፎበት ነበር። ከአገሩ ሕዝብ ከሦስት አንዱ እጅ የሚበልጠው ማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ሹማምንት ነገሩን የሰሙት ኖቬምበር 8 ነው፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስተር ዳርሊንግ ኖቬምበር 10 ተነገራቸው፤ ሕዝቡ የሰማው ኖቬምበር 20 ነው። ባለ ንብረቱ ከሁሉ በኋላ ሰማ። ላገኘው ሰው 20,000 ፓውንድ ወሮታ እንደሚሰጥ ተነገረ፤ ፖሊስም ፈለገ፤ ዲስኮቹ ግን አልተገኙም።

ሚኒስትሩ በፓርላማ ቆመው ነገሩን ሲገልጹ፥ አንድ አነስተኛ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ጥሶ እንዳደረገው ተናገሩ። እኔ የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ይህን ዓይነቱን ነው። በዱሮ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር፤ አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ጠጥቶ ይሮጥና ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባል ነበር። ዛሬ ያን ልማድ ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን ታላቅ መንግሥት የ25 ሚሊዮን ሰው ምስጢር ባጠፋ ጊዜ ከሁሉ በታች ባለው ጸሐፊ ደጅ ሄዶ ሲወድቅ፥ ከሌባ ሻይ የሚለየው በምንድን ነው? አንድ ትንሽ ሠራተኛ ብቻውን የአገሩን ሕፃናት ሁሉ መዝገብ ገልብጦ በፖስታ መላክ ከቻለ፥ ጥፋቱ የመላኩ ሳይሆን የመቻሉ ነው። እንዲችል ያደረገው ማነው? ብሎ የሚጠይቅ እርሱ እውነተኛ ዳኛ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ2004 የእንግሊዝ መንግሥት ወጪ ለመቆጠብ በማለት የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች እንዲቀነሱ አወጀ። በ2005 ሁለቱ ታላላቅ የገቢ መሥሪያ ቤቶች፥ ማለት የአገር ውስጥ ገቢውና ጉምሩኩ፥ አንድ ላይ ተዋሐዱ። ይህም አዲስ መሥሪያ ቤት እስከ 2008 ድረስ በጠቅላላው 12,500 የሥራ መደብ እንዲቀንስ ግዴታ ተጣለበት። ይህን ቅነሳ በበጀት ንግግራቸው ያወጁት የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ነበሩ። ዲስኮቹ ሲጠፉም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት እርሳቸው ናቸው። በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይህን መካድ አይገባኝም። ይቅርታውን የጠየቁት ግን ሕዝቡ ስለ ደረሰበት ሥጋትና ችግር እንጂ ቁጥሩን ስለ ወሰነው ፊርማ አልነበረም።

የሠራተኛው መቀነስ ብቻውን ዲስኮቹን አጠፋቸው አልልም፤ እንዲህ ብል ውሸታም እሆናለሁ። የምለው ሌላ ነው። መሥሪያ ቤት «በዚህ ቀን ይህን ያህል ሰው ቀንስ» ተብሎ ሲታዘዝ፥ መጀመሪያ የሚቀንሰው ዓይን የሚያየውን ሥራ አይደለም። ግብር የሚቀበለው መስኮት ከተዘጋ ሕዝብ ይጮኻል፤ ገንዘብ ካልገባ ሚኒስትሩ ይቆጣል። ሁለተኛ ጊዜ የሚያመሳክር፥ «ይህ ለምን ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ፥ አዲስ የገባውን ሠራተኛ የሚያስተምር፥ ደንቡን ከመሳቢያ አውጥቶ የሚያስነብብ ሰው ግን ቢቀር በማግሥቱ የሚጮኽ የለም። የጠባቂ ሥራ ፍሬው አይታይም፤ ምክንያቱም ፍሬው አንድም ነገር አለመሆኑ ነውና። ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ሲያድር ሌባ ካልመጣ፥ ጌታው «ይህ ዘበኛ ለምን ይከፈለዋል?» ይላል። ሌባው ያልመጣው ዘበኛው ስለነበረ መሆኑን የሚያውቀው ዘበኛውን ካሰናበተ በኋላ ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። በጁን 2008 ኪራን ፖይንተር የተባሉ የሒሳብ ባለሙያ መርምረው ባወጡት ዘገባ፥ ጥፋቱ ፈጽሞ ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑን፥ ምስጢር መጠበቅም በመሥሪያ ቤቱ ከዋና ጉዳዮች እንደ አንዱ ይቆጠር እንዳልነበረ፥ የሠራተኛውም መንፈስ ዝቅ ብሎ እንደነበር ገለጡ። በፖሊስ ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ የሚመረምረውና በዚህ ነገር ላይም እንዲመረምር የተደረገው ነጻ ኮሚሽን በበኩሉ፥ በአንድም ሠራተኛ ላይ ወንጀል አላገኘም፤ ያገኘው ሠራተኞቹ በቂ መመሪያና ሥልጠና አጥተው እንደ ምንም ሥራውን ሲገፉት የኖሩ መሆናቸውን ነው። እንግዲህ በኖቬምበር ወር በፓርላማ ደንብ ጣሽ የተባለው ያ ትንሽ ጸሐፊ፥ በጁን ወር ደንቡን በሚገባ ያላስተማረው መሥሪያ ቤት ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘለት። የስድብ ቃል ግን ፈጥኖ ይሮጣል፤ የእርማት ቃል እያነከሰ ይከተላል። የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ ሁለተኛውን አልሰማም።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። የመሥሪያ ቤቱ ሊቀ መንበር ፖል ግሬይ ነገሩ በተገለጠበት ቀን ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ይህ የጨዋ ሰው ሥራ ነው፤ በብዙ አገር የማይታይ ነውና አመሰግነዋለሁ። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው መልቀቅ የአሠራርን ጉድለት አያቃናም። ወንበሩን የለቀቀው ሰው ይሄዳል፤ ወንበሩን ያዳከመው ትእዛዝ ግን እዚያው ይቀመጣል።

ሁለተኛው ነገር የሆነው ከባሕር ማዶ፥ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በሳውዝ ካሮላይና ነው። በኦገስት 2012 የግብር መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የማታለያ ደብዳቤ በኮምፒዩተራቸው ደረሳቸው። ከእነርሱ አንዱ ከፈተው፤ በዚያም ወጥመድ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ተሰረቀ። ሌባው በዚያ አንድ ቁልፍ ገብቶ ክፍል ከክፍል እየዞረ በሴፕቴምበር ወር የ3.8 ሚሊዮን ግብር ከፋዮችን መዝገብ ገልብጦ ሄደ። ሁለተኛ ቁልፍ የሚጠይቅ በር አልነበረም። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራቸው፥ ማለት በዚያ አገር ሰው በሕይወቱ ሙሉ የሚታወቅበት ቁጥር፥ በምስጢር ጽሕፈት ሳይለወጥ በግልጥ ተቀምጦ ነበር። መሥሪያ ቤቱ መሰረቁን ያወቀው በራሱ ጥበቃ አይደለም፤ በኦክቶበር ወር የፌዴራሉ መንግሥት የምስጢር ፖሊስ መጥቶ ነገረው እንጂ።

እንግዲህ የእንደራሴዎች ኮሚቴ ተሰብስቦ ሲጠይቅ ምን ተገኘ? የኮምፒዩተሩን ጸጥታ የሚጠብቀው ዋና ሹም ቦታ ለአንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሰው ሳይሾምበት ባዶውን እንደኖረ ተገኘ። የዘበኛው ዳስ ነበረ፤ በበጀትም ይታወቅ ነበር፤ በውስጡ ግን ዘበኛ አልነበረም። የግዛቲቱ ገዥ ኒኪ ሄሊ በመጀመሪያ በመንግሥት በኩል ይህን ሊያስቀር የሚችል ሰው አልነበረም ሲሉ ተናገሩ። የመርማሪዎቹ ዘገባ በኖቬምበር ወር ሲወጣ ግን ከዚህ የበለጠ መሥራት ይገባን ነበር ብለው አመኑ፤ የመሥሪያ ቤቱም ዲሬክተር ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ የሕዝቡን የብድር ሒሳብ የሚከታተል ኩባንያ ቀጥራ 12 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደች። በዚያ ገንዘብ የጸጥታውን ሹም ደመወዝ ለስንት ዓመት መክፈል ይቻል እንደነበር እናንተው አስሉት። እናቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ቁጠባ ነው።

አሁን ደግሞ የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚሉትን ልስማ። የመጀመሪያው «መንግሥት የሕዝብን ገንዘብ መቆጠብ የለበትምን?» ይላል። አለበት እንጂ! ሥራ የሌለው ሠራተኛ በሕዝብ ገንዘብ መጦር እርሱም አደራ መብላት ነው። ነገር ግን ቁጠባ ማለት የሚገኘውና የሚጠፋው አብሮ ተመዝኖ ነው። ጣራውን ሸጦ ቆጠብሁ የሚል ባለቤት እስከ ክረምቱ ድረስ ብቻ ሀብታም ነው። በሁለቱም አገሮች የተገኘው ቁጠባ በወረቀት ሲጻፍ ለሹሙ ምስጋና ሆነ፤ የመጣው ኪሣራ ግን ለግብር ከፋዩ ተላለፈ። ትርፉ ለአንዱ፥ ዕዳው ለሌላው ሲሆን ይህ ቁጠባ አይባልም።

ሁለተኛው «ሠራተኛ ሲበዛ ምስጢር የሚያይ ዓይን ይበዛል፤ ታዲያ መብዛቱ ምን ይጠቅማል?» ይላል። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ እኔም ሰው ይብዛ ብዬ አልጮኽም። መዝገቡን ማየት የማይገባቸው አንድ መቶ ሰዎች ከሚያዩት ሁለት ሰዎች ቢያዩት ይሻላል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚቆጣጠር፥ ሁለቱም ሥራቸውን የተማሩ፥ «አይሆንም» ለማለትም ሥልጣን ያላቸው ይሁኑ። የምቃወመው ቁጥሩን ሳይሆን፥ ሥራውን ሳይመረምሩ በቁጥር መጀመርን ነው። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ገላውን ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁን ይቆርጣል። ጨርቁን አስቀድሞ የቆረጠ ግን በመጨረሻ ገላውን መቁረጥ ይጀምራል።

ሦስተኛው «ሚኒስትር በየፖስታው ላይ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላልን?» ብሎ ይሣለቃል። አይችልም፤ ማንም አልጠየቀውም። ሚኒስትር የሚጠየቀው ስለ ዲስኩ አይደለም፤ ዲስኩን ለብቻው ማንም እንዳይልክ የሚከለክል አሠራርና አሠራሩን የሚጠብቅ ሰው ስለ መኖሩ ነው። የጦር አለቃ እያንዳንዱን ጥይት አይተኩስም፤ ምሽጉ ያለ ጠባቂ ቢገኝ ግን የሚፈረድበት እርሱ ነው። ሹመት ክብሩ የአለቃ፥ ጥፋቱ የጭፍራ ከሆነ፥ ያ ሹመት ሳይሆን ዘረፋ ነው።

አራተኛው ደግሞ «ዲስኮቹ በሌባ እጅ ስለመግባታቸው ማስረጃ የለም፤ ማን ተጎዳ?» ይላል። ለዚህኛው መልሴ አጭር ነው። ልጁን ለሞግዚት ትቶ የሄደ ሰው ሲመለስ ልጁን በአውራ ጎዳና ላይ ብቻውን ቢያገኘው፥ መኪና ስላልገጨው ሞግዚቷን ያመሰግናታልን? በዚያ ላይ የባንክ ቁጥር ይለወጥ ይሆናል፤ የልደት ቀን ግን አይለወጥም። በ2007 ሕፃን የነበረው ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ያንኑ የልደት ቀን ይዞ ይኖራል።

እንግዲህ ተጠያቂነት የሚባለው ነገር ከጥፋት በኋላ በሚነገር የይቅርታ ቃል እንዳይቀር፥ ከጥፋት በፊት በወረቀት ሊሰፍር ይገባዋል። የሕዝብን ምስጢር ከሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለመቀነስ፥ ወይም የጠባቂውን ቦታ ባዶ ለማቆየት የሚፈርም ሹም፥ ከፊርማው በላይ አራት ነገር ይጻፍ። የሚቀነሰው ሰው ምን ይሠራ ነበር? ያን ሥራ ከእንግዲህ ማን ይሠራዋል? የሚሠራ ከሌለ ምን ሊጠፋ ይችላል? ቢጠፋ ለሕዝቡ በስንት ቀን ይነገረዋል፥ የሚነግረውስ ማነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመመለስ የማይደፍር ሹም፥ ከቅነሳው የሚያገኘውን ምስጋና ለመቀበልም መድፈር የለበትም። የቅነሳ ፊርማ ማለት ለሚጠፋው ነገር ዋስ የመሆን ፊርማ ነው። በአገራችን ደግሞ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ ዋስ የሆነ ይከፍላል።

ይህ ነገር የፈረንጅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይታያችሁ። በእኛም አገር ግብር ከፋይ የግብር ከፋይነት መለያ ቁጥሩን ሲያወጣ የጣቱን አሻራ ሲሰጥ ቆይቷል። ቁልፍ ቢጠፋ ቁልፍ ይሠራል፤ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ ጣት ግን የሚለወጥበት ገበያ የለም። በ2016 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በእንግሊዝ አገርም ሕግ ነበረ፤ ደንብም ነበረ። የጎደለው ወረቀቱ አልነበረም። ሕግ ራሱ እየተነሣ በር አይዘጋም፤ በሩን የሚዘጋው ሰው ነው። ስለዚህ አዋጅ በወጣ ቁጥር «አዋጁ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ግማሽ «ስንት ሰው፥ በምን ሥልጠና፥ በምን ደመወዝ ያስፈጽመዋል?» የሚለው ነው።

እናንተ ወጣቶች ነገ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ትገባላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከታች ትጀምራላችሁ፤ ያን ጊዜ የማይገባ መዝገብ ላክ ስትባሉ «ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለትን ተማሩ። ይህ ቃል ለሹም ደስ አያሰኘውም፤ ለሕዝቡ ግን አጥር ነው፤ ለእናንተም ጋሻ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በጥፋት ቀን ጣታችሁን ወደ ታች ከመቀሰራችሁ በፊት የራሳችሁን ፊርማ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት በአንድ አሮጌ የበጀት ወረቀት ግርጌ ነው። ሹም የማትሆኑትም ብትሆኑ ግብር ከፋይ መሆናችሁ አይቀርም፤ ግብር ከፋይ ደግሞ ምስጢሩን በግድ የሰጠ ባለ አደራ ስለሆነ፥ «አደራዬን የሚጠብቀው ማነው?» ብሎ መጠየቁ ድፍረት ሳይሆን መብት ነው።

ሌባን መርገም ቀላል ነው፤ ሌባ በጉባኤ ተነሥቶ መልስ አይሰጥምና። ትንሹን ጸሐፊ መርገም ከዚያም ይቀላል፤ እርሱ ቢናገርም የሚሰማው የለምና። የሚከብደው ዘበኛውን ያሰናበተውን ጌታ በጉባኤ መካከል አቁሞ «ለምን?» ማለት ነው። ሕዝብ ይህን የከበደውን መጠየቅ በጀመረበት ቀን፥ ሹማምንቱ ቀላሉን ማድረግ ይተዋሉ።